በነሐሴ ወደ «ሞት ሸለቆ» የእግር ጉዞ፦ ምክር እንፈልጋለን

መንገደኛው ከቬጋስ

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣ ላስ ቬጋስ ከመጣሁ ገና ሰባት ወሬ ነው። በቤተ ክርስቲያን የተዋወቅን 11 ሰዎች፣ አብዛኞቻችን ከመጣን ዓመት ያልሞላን፣ በነሐሴ ወር ሁላችንም ከሥራ ነፃ የምንሆንበትን አንድ ዓርብ መርጠን ወደ ዴዝ ቫሊ («ሞት ሸለቆ») ብሔራዊ ፓርክ ለመሄድ ተስማምተናል። ከዚህ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ነው። የምንሄድበት መንገድ ጎልደን ካንየን የሚባለው ሲሆን፣ ደርሶ መልሱ 5 ኪሎ ሜትር ስለማይሞላ፣ እንጦጦን ስንወጣና ስንወርድ ላደግን ሰዎች የሚያሳስብ አልመሰለንም።

ከአዲስ አበባ ለሁለት ወር የመጡት አክስቴም «እኔን ቤት ጥላችሁ ነው?» ስላሉ አብረውን ይመጣሉ። 58 ዓመታቸው ነው፤ ከደም ግፊት በቀር ሌላ ሕመም የለባቸውም፤ ለእርሱም መድኃኒት ይወስዳሉ። ቀኑ በፍልሰታ ጾም ውስጥ ስለሚውል ከመካከላችን ግማሾቹ እስከ 9 ሰዓት እህልም ውሃም አይቀምሱም።

ከቡድናችን አንዱ የፓርኩን ማስጠንቀቂያ ተርጉሞ በቴሌግራም እንደላከልን፣ ከ10 ሰዓት በኋላ በእግር መጓዝ አይመከርም። ስለዚህ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ጀምረን ከ9 ሰዓት በፊት ለመጨረስ አቅደናል። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሁለት ሊትር ውሃ ይበቃል ወይ? ሌላስ ምን መያዝ ይገባናል?

ሃያ ዓመት በቬጋስ

ወንድሜ፣ ሌላውን ሁሉ ከመጻፌ በፊት አንድ ነገር ላርም። ፓርኩ «ከ10 ሰዓት በኋላ አትጓዙ» ያለው በአሜሪካ አቆጣጠር ነው። ይኸውም በእኛ ከረፋዱ 4 ሰዓት ማለት ነው። እናንተ «እንጨርሳለን» ያላችሁበት ጊዜ ቀኑ የሚነድበት ጊዜ ነው፤ «እንጀምራለን» ባላችሁበት ሰዓት ደግሞ እንኳን መጀመር፣ ጨርሳችሁ መኪና ውስጥ መግባት ነበረባችሁ። ተርጓሚውን አልወቅሰውም፤ እኔም በመጣሁ ሰሞን ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስድስት ሰዓት ዘግይቼ ደርሻለሁ። እኔን ግን ያሳጣኝ ሥራ ብቻ ነው።

ስለ መረጣችሁት መንገድም ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2023 አንድ የ71 ዓመት ሰው በዚሁ በጎልደን ካንየን መነሻ ላይ ወድቀው ሞቱ። የፀሐይ ባርኔጣ አድርገዋል፣ ለእግር ጉዞ የሚሆን ልብስ ለብሰዋል፣ የጀርባ ቦርሳም ይዘዋል፤ ማለትም ያልተዘጋጁ ሰው አልነበሩም። የዚያን ቀን የተመዘገበው ሙቀት 49 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን፣ ሸለቆው ውስጥ ግን ግራና ቀኝ ያለው ግድግዳ የጠጣውን ሙቀት መልሶ ስለሚተፋ ከዚያም በላይ ሳይሆን እንዳልቀረ የፓርኩ ሰዎች ተናግረዋል። የነፍስ አድን ሄሊኮፕተር ተጠርቶ ሙቀቱ ስላላስቻለው ሊመጣ አልቻለም።

ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ አየር ሲሞቅ ይሳሳል፣ የሳሳ አየር ደግሞ የሄሊኮፕተሩን ክንፍ አይሸከምም። ስለዚህ እርዳታ እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት እርዳታው አይበርም። በ2024 ጁላይም አንድ የቤልጅየም ጎብኚ በአሸዋ ክምሩ ላይ ነጠላ ጫማው ጠፍቶበት ባዶ እግሩን ሲራመድ ውስጥ እግሩ ክፉኛ ተቃጥሎ ሳለ፣ ሄሊኮፕተሩ እዚያ ማረፍ ስላልቻለ የፓርኩ ጠባቂዎች ከፍ ወዳለና ቀዝቀዝ ወዳለ ቦታ በመኪና አውጥተው ነበር ያስረከቡት። የአየሩ 50 ዲግሪ አያስገርማችሁ፤ በዚያው ፓርክ በ1972 የመሬቱ ገጽ 93.9 ዲግሪ ተለክቷል። ውሃ ሊፈላ ስድስት ዲግሪ ገደማ ሲቀረው ማለት ነው።

ስልክ በአብዛኛው የፓርኩ ክፍል አይሠራም። መንገድ ጠቋሚ መሣሪያን (ጂፒኤስን) አምነው ወደ ተረሳ የአፈር መንገድ የገቡም አሉ፤ በ2009 ኦገስት አንዲት እናት እንዲህ ገብታ መኪናዋ አሸዋ ውስጥ ተቀርቅሮ ለቀናት ከቆየች በኋላ እርሷ ስትተርፍ ልጇ ሞቷል። ከአስፋልት አትውጡ።

ነርሷ ከፊኒክስ

የምሠራው በድንገተኛ ክፍል ውስጥ ስለሆነ፣ ከሰውነት በኩል ያለውን እኔ ልጨምር።

የአየሩ ሙቀት ከቆዳችን ሙቀት፣ ማለትም ከ35 ዲግሪ ገደማ ሲበልጥ፣ ሰውነት ሙቀቱን ወደ አየር ማራገፉ ይቀርና አየሩ ራሱ ወደ ሰውነት ሙቀት መጨመር ይጀምራል። የሚቀረው መውጫ ላብ ብቻ ነው፤ ላብም ሲተን እንጂ ሲንጠባጠብ አያቀዘቅዝም። በደረቅ በረሃ ደግሞ ላቡ ከቆዳ ላይ በቅጽበት ስለሚተን ሸሚዙ ሳይርስ ይቀራል፤ ሰውዬውም በሰዓት አንድ ሊትርና ከዚያ በላይ እያጣ «ምንም አላላበኝም» ይላል። ስለዚህ የጠየቃችሁት ሁለት ሊትር፣ በዚያ ሰዓትና በዚያ ቦታ፣ ለአንድ ሰው የሁለት ሰዓት እንኳ አይሆንም። ፓርኩ ራሱ የሚመክረው በቀን ቢያንስ 4 ሊትር ሲሆን፣ በመኪናም ተጨማሪ መያዝ ያስፈልጋል።

ይሁንና ውሃ ብቻውን መድኃኒት አይደለም። ላብ ጨው ይዞ ይወጣል፤ ሰው ምንም ሳይበላ ባዶ ውሃ ለሰዓታት ሲጠጣ በደሙ ውስጥ ያለው ጨው ይቀጥናል፤ ከዚያ ራስ ምታት፣ ማስታወክ፣ መደናገር፣ አንዳንዴም መንቀጥቀጥ ይመጣል። በግራንድ ካንየን የሚሠሩ ሰዎች ይህን በደንብ ያውቁታል። ጨው ያለው ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ ወይም በውሃ የሚበጠበጥ ኦአርኤስ መያዝ ይጠቅማል፤ ቆሎው የጾም በመሆኑም አያስቸግራችሁም።

ስለ አክስትዎ በግልጽ ልናገር፦ አይውሰዷቸው። ከአዲስ አበባ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ፣ ለዚያውም ከክረምቱ ብርድ የመጣ ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ በጥቂት በጥቂቱ እየተጋለጠ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ከደም ግፊት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ሽንት በማብዛት ውሃ ያሳጣሉ፤ ሌሎቹ የልብን ምት ስለሚገቱ ልብ ወደ ቆዳ በቂ ደም እንዳይልክ ያደርጋሉ። ይህን አንብበው መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ ግን አደራ፤ የሚቀረው ጉዞው እንጂ መድኃኒቱ አይደለም።

አንድ ሌላ ነገር። ሰዎቻችን ፀሐይ ላይ ውለው ሲታመሙ «ምች ነው» ይላሉ፤ ዳማከሴ አሽተው ይተኛሉ። በሙቀት የተመታ ሰው ግን ከደቂቃዎች በላይ ጊዜ የለውም። የሰውነቱ ሙቀት ከ40 ዲግሪ አልፎ ንግግሩ ከተወላገደ፣ ከተደናገረ ወይም ከተንገዳገደ፣ እያላበውም ቢሆን ይህ ሞት የሚያስከትል ድንገተኛ ሕመም ነው። «ላብ ስላለው ደህና ነው» የሚለውን አትመኑ፤ በጉዞ ላይ የተመታ ሰው ብዙ ጊዜ እያላበው ነው የሚወድቀው። ወደ 911 እየተደወለ፣ ሰውየውን ጥላ ሥር አስተኝታችሁ፣ ልብሱን አውልቃችሁ፣ ያላችሁን ውሃ ሁሉ በላዩ አፍስሱና አራግቡ፤ በረዶ ካለ በአንገቱ፣ በብብቱና በብሽሽቱ አድርጉ። ራሱን ካላወቀ በአፉ ምንም አትስጡት።

ዱባይ ነዋሪ

እህታችን የጻፈችውን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ነገሩ የተጋነነ ይመስለኛል። እኔ ዘጠኝ ዓመት በግንባታ ሥራ ላይ በዱባይ ፀሐይ ሠርቻለሁ። እዚህ ያለው ሙቀት ወበቅ የተቀላቀለበት ስለሆነ ከአሜሪካው ደረቅ በረሃ ይብሳል እንጂ አይሻልም። ለአበሻ ፀሐይ ብርቁ አይደለም። 5 ኪሎ ሜትር በልጅነታችን ለትምህርት ቤት የተመላለስንበት መንገድ ነው። አሥራ አንድ ወጣት ተሰብስቦ ይህን ከፈራ ምን ሊሠራ ነው?

ነርሷ ከፊኒክስ

ወንድሜ፣ በወበቁ ጉዳይ እውነትዎን ነው፤ አየሩ እርጥብ ሲሆን ላብ ስለማይተን 40 ዲግሪው ከደረቁ 45 ሊከፋ ይችላል። ነገር ግን እርስዎ ያሉበት አገር ራሱ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ድረስ፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6:30 እስከ 9 ሰዓት ከቤት ውጭ ማሠራትን በሕግ ይከለክላል። ሠርተው በሰላም የገቡት ሰውነትዎ ስለለመደና በዚያ ሰዓት ጥላ ሥር ስለነበሩ እንጂ አበሻ ስለሆኑ አይደለም። የቆዳችን ጥቁረት ፀሐይ ከምታደርሰው ቃጠሎ በመጠኑ ይከላከላል፤ ከሙቀት ግን አይከላከልም። እኔ በምኖርበት በማሪኮፓ አውራጃ በ2023 ብቻ 645 ሰዎች ከሙቀት በተያያዘ ሞተዋል። በዚያው ዓመት ፊኒክስ 31 ቀን በተከታታይ ከ43 ዲግሪ በላይ ውላለች። ከተማው በኃይለኛ ሙቀት ቀኖች የካሜልባክ ተራራን መንገዶች ዘግቶ ሰው እንዳይወጣ እስከ ማድረግ የደረሰው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከቤርሼባ

በእስራኤልም ተመሳሳይ ነው። በተራራ አናት ላይ ወዳለው ጥንታዊ ምሽግ፣ ወደ ማሳዳ፣ የሚያወጣው «የእባብ መንገድ» ኃይለኛ ሙቀት በሚሆንበት ቀን ይዘጋል፤ ሰዉ በኬብል መኪና ይወጣል ወይም ሌሊት ተነሥቶ ፀሐይ ስትወጣ ላይ ይደርሳል። አንድ ጊዜ መዘጋቱን አይተን ከባልደረቦቼ ጋር ጠባቂውን ልናባብለው ሞከርን፤ እርሱም «ያለፈው ሳምንት የተሸከምኩት ሰውዬ እንደ እናንተ ነበር የተከራከረኝ» ብሎ መለሰን።

የቆላ መሪ

የዘገየሁት በአንድ ቡድን ጉዞ ላይ ስለነበርኩ ነው። ለስድስት ዓመት ያህል ጎብኚዎችን ወደ ዳናኪል እያስገባሁ አስወጥቻለሁ፤ አሁን ሥራዬ በሰሜን ተራሮች በኩል ነው።

ዳናኪልና ዴዝ ቫሊ የተለያዩ አህጉሮች ላይ ይሁኑ እንጂ ጠባያቸው አንድ ነው። ሁለቱም ከባሕር ወለል በታች የወረዱ ጎድጓዶች ናቸው፤ ዴዝ ቫሊ ከሁሉ ዝቅ ባለው ቦታው 86 ሜትር፣ ዳሎል አካባቢ ከ100 ሜትር በላይ። የሞቀው አየር ሊወጣ ሲል ተራሮቹ ያግዱታል፣ ተመልሶ ሲወርድ ይታመቃል፣ ሲታመቅ ደግሞ የባሰ ይሞቃል። ዳሎል ከ1960 እስከ 1966 በተመዘገበው መሠረት የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ነበር። ልብ በሉ፣ ይህ ሌሊቱንም ጥር ወሩንም ጨምሮ ነው። ዴዝ ቫሊ የምድርን ከፍተኛ ሙቀት፣ 56.7 ዲግሪን፣ በ1913 አስመዝግቧል የሚባል ሲሆን፣ በክረምት ወራቸው ግን ይበርዳል፤ ዳሎል አይበርድም።

ለመናገር የፈለግሁት ስለ አፋሮቹና ስለ አርሆዎቹ ነው። ከትግራይ ደጋ ግመልና በቅሎ እየነዱ ወደ ጨው ሜዳው የሚወርዱትን ነጋዴዎች አርሆ እንላቸዋለን። አፋሮቹ ከልጅነታቸው ጀምሮ በዚያ ሐሩር ውስጥ የኖሩ፣ አርሆዎቹም የሚመላለሱበት፣ ሁለቱም ከማንኛችንም በላይ የለመዱ ሰዎች ናቸው። ታዲያ እነዚህ ሰዎች በቀትር ሲጓዙ አይቼ አላውቅም። ጨው ቆራጩ ገና ሳይነጋ ይጀምራል፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ሥራውን ይተዋል። ግመሎቹ ተጭነው የሚነሡት ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ነው። አንዴ አንድ ሽማግሌ አፋር፣ ከሰዓት በፊት ልነሣ ስል እጄን ይዞ አስቀመጠኝና ሻይ ቀዳልኝ፤ ሁለተኛ ቀዳልኝ፤ ሦስተኛውን ስጨርስ ጥላው ረዝሞ ነበር። አንድም ቃል አልመከረኝም።

እኛም ወደ ኤርታሌ እሳተ ገሞራ ሰው ስናወጣ 9 ወይም 10 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ የምንጀምረው ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ነበር። ፍራሹንና ውሃውን ግመል ይሸከማል፤ ሰው በባትሪ መብራት ይሄዳል። የምንመለሰውም ሌሊት ተነሥተን ነው። ወቅቱም ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ እንጂ በሰኔና በሐምሌ አይደለም። በእነዚያ ዓመታት አንድም ሰው አልሞተብኝም፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ተቃርቦ ነበር፤ ያም የሆነው «አምስት ደቂቃ ብቻ ፎቶ እናንሣ» የሚሉ ጎብኚዎችን እሺ ብዬ ከጨው ሜዳው ረፋድ 5 ሰዓት ድረስ ሳልወጣ በመቅረቴ ነው። የዚያን ቀን ስሕተት የእኔ እንጂ የእነርሱ አልነበረም። መሪው እኔ ነበርኩ።

ዲያቆን ከሲያትል

ስለ ጾሙ አጭር አስተያየት። ቅዳሜና እሑድ ከጥሉላት እንጂ ከእህልና ከውሃ እስከ ሰዓት አይጾምም። ቀኑን ከዓርብ ወደ ቅዳሜ ማዛወር ከቻላችሁ ጥያቄው ራሱ ይቀራል። ካልተቻለ ወደ ንስሐ አባታችሁ አቅርቡት። ውሃ ሳይጠጡ ወደ በረሃ መግባትን ቤተ ክርስቲያን ያዘዘችው አይደለም።

ኦቦክን ያየ

ይህን ከመጻፍ ብዙ ጊዜ ተቆጥቤያለሁ። አሁን የምኖረው አውሮፓ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ወደ የመን ለመሻገር ከጋላፊ እስከ ኦቦክ፣ የጅቡቲን በረሃ በእግር ካቋረጡት አንዱ ነኝ። ለመዝናናት የሚደረግን ጉዞ ከስደት ጋር ላነጻጽር አልፈልግም፤ ሙቀቱ ግን ለምን እንደመጣህ አይጠይቅም።

ስድስት ነበርን። በአሳል ሐይቅ አካባቢ መሬቱ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ሌሊትም እንደ ምጣድ ይግላል። በሁለተኛው ቀን ከመካከላችን አንዱ፣ ከሁላችንም ጠንካራ የነበረው፣ ከወትሮው የተለየ ንግግር ጀመረ። መጀመሪያ ዝም አለ። ቀጥሎ ተቆጣ። «ውሃውን ደብቃችሁብኛል» እያለ ከእያንዳንዳችን ጋር ተጣላ። እኛም ተቆጣነው፤ አንደኛው እንዲያውም ሊመታው ተነሣ። ያን ሁሉ ሲናገር ግን በጀርባው ላይ ከግማሽ በላይ ውሃ ያለበት ጀሪካን ታስሮ ነበር። የእርሱ ጀሪካን ነው። ከራሱ ጀርባ ላይ ያለውን ውሃ ረስቶት ነበር።

እኛም አላስታወስነውም። እኔን እስከ ዛሬ የሚያስደነግጠኝ ይህ ነው፤ አምስታችንም ስንከራከረው ጀሪካኑን እያየነው ነበር፣ ግን አንዳችንም «ይኸው ውሃ፣ ጠጣ» አላልንም። ያስታወስነው ተቀምጦ መነሣት ካቃተው በኋላ ነው። ፀሐይ ስትገባ አረፈ። ድንጋይ ከምረንበት ሄድን።

ነርሷ እህታችን ስለ መደናገር የጻፈችው ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው ግን መደናገሩ ለራስ አይታወቅም የሚለውን ነው። ሙቀት ከእግር በፊት ማስተዋልን ነው የሚወስደው። ስለዚህ «ሲደክመን እንመለሳለን» የሚል ዕቅድ ዕቅድ አይደለም፤ ያኔ የሚወስነው ሰው እናንተ አትሆኑም። የምትመለሱበትን ሰዓት ቤት ውስጥ፣ ውሃ ጠጥታችሁ፣ ጥላ ሥር ተቀምጣችሁ ወስኑና ለአንድ ሰው ስጡት፤ ያ ሰው «በቃ» ሲል ማንም እንዳይከራከረው አስቀድማችሁ ተስማሙ። ሁለት ሁለት ሆናችሁም ተጠባበቁ፤ ባልንጀራችሁ ያለ ምክንያት ሲነጫነጭ ካያችሁ አትቆጡት፤ አጠጡት።

ዱባይ ነዋሪ

ወንድሜ፣ ነፍስ ይማር። የእኔን ቃል መልሼ እወስዳለሁ። እኛም ቤት አንድ ሰው እንዲሁ በድንገት ተቆጥቶ ከሥራ ኃላፊው ጋር ተጣልቶ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ወድቆ ነበር። እስከ ዛሬ በንዴት የወደቀ ይመስለኝ ነበር።

መንገደኛው ከቬጋስ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ክሩን በሙሉ ለጓደኞቼ አነበብኩላቸው። የኦቦኩን ጽሑፍ ስደርስ ከመካከላችን በዚያው መንገድ ያለፈ ሰው እንዳለ ለመጀመሪያ ጊዜ አወቅን፤ ሰባት ወር ሙሉ አብሮን ሲያስቀድስ አንድም ቀን ተናግሮት አያውቅም። እርሱ ነው «እኔ በነሐሴ አልሄድም፤ እናንተንም አልሸኝም» ብሎ ነገሩን የቆረጠው።

የዴዝ ቫሊውን ጉዞ ወደ ታኅሣሥ አዛውረነዋል። ለነሐሴ ደግሞ ቅዳሜን መርጠን ወደ ቻርልስተን ተራራ እንሄዳለን። ጫፉ ከ3,600 ሜትር በላይ ስለሆነ ከከተማው እጅግ ይቀዘቅዛል ይባላል፤ እኛ ጫፉ ድረስ አንወጣም፤ ከዛፎቹ ሥር ያለውን አጭር መንገድ ብቻ እንሄዳለን። አክስቴም ይመጣሉ፤ ሐኪማቸውን በስልክ አነጋግረዋል። የመመለሻውን ሰዓት የሚወስነው ያ ጓደኛችን እንዲሆን ተስማምተናል። ለአሥራ አንዳችንና ለአክስቴ 50 ሊትር ውሃ፣ አንድ የበረዶ ሳጥንና የአክስቴን ዳቦ ቆሎ እንይዛለን።

መገናኛችን ቅዳሜ 12 ሰዓት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ መኪና ማቆሚያ ነው። ቬጋስ ያላችሁ አባላት ብትመጡ ደስ ይለናል።

ሃያ ዓመት በቬጋስ

እመጣለሁ። 12 ሰዓት ያልከው በእኛ ነው በአሜሪካ?

መንገደኛው ከቬጋስ

በእኛ ነው፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት። በቴሌግራሙም «በአሜሪካ 6» ብዬ አርሜዋለሁ።